ከኅዳግ ወደ መዝገብ፤ የፕሮግራም ማብራሪያዎች ታሪክና የስያሜያቸው ጥያቄ

በአውሮፓ የመዝገበ ቃላት ታሪክ ሲተረክ መነሻው ብዙውን ጊዜ ኅዳግ ነው። በመካከለኛው ዘመን የላቲን መጻሕፍትን ያስተምሩ የነበሩ መነኮሳት፣ ለተማሪ ይከብዳል ብለው ለገመቱት ቃል ፍቺውን ከመስመሩ በላይ ወይም ከገጹ ዳር በደቃቅ ፊደል ይጽፉ ነበር። ቈይቶ ሌላ ጸሐፊ እነዚህን ፍቺዎች ከየመጽሐፉ እየለቀመ በአንድ ጥራዝ ያሰባስባቸዋል፤ ከእርሱም በኋላ የሚመጣው በፊደል ተራ ያሰልፋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ800 ገደማ የተጻፈውና ዛሬ በላይደን የሚገኘው የቃላት ስብስብ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ፍቺዎቹን በተለቀሙበት መጽሐፍ ከፍሎ ስለሚያቀርብ፣ ቃሉ ከኅዳግ ተነሥቶ ወደ መዝገብ ሲጓዝ ገና በመንገድ ላይ ሳለ የተያዘ ይመስላል። በአገራችንም "ሰዋስው" የተባሉት የግእዝና የአማርኛ የቃላት መድበሎች መጻሕፍትን ከማስተማር ሥራ ጋር ተቈራኝተው ያደጉ ናቸው። ሰዋስው ማለት መሰላል ነው፤ የግብፅ ክርስቲያኖችም የቅብጥና የዐረብኛ መድበላቸውን በዐረብኛ "ሱለም"፣ ማለትም መሰላል፣ ብለው መጥራታቸው በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስልም።

ይህን ማስቀደማችን ያለ ምክንያት አይደለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በኮምፒዩተር ዓለም የተፈጸመው ነገር ከዚህ የመነኮሳት ሥራ ጋር እጅግ ይመሳሰላልና ነው። ፕሮግራም ጸሐፊዎች በሥራቸው ኅዳግ የተዉትን ማብራሪያ፣ ሌላ ፕሮግራም እየለቀመ በመልክ በመልኩ አሰልፎ የማጣቀሻ መጽሐፍ ያደርገዋል። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ልማድ አመጣጥና ለተርጓሚ የሚያስከትለውን ጣጣ በአጭሩ እንመለከታለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። ፕሮግራም ጸሐፊ በእጁ የሚጽፈው ጽሑፍ ሁለት አንባቢ አለው፤ አንዱ መሣሪያው ሲሆን ሁለተኛው ሰው ነው። መሣሪያው እንዳያነበው፣ ሰው ግን እንዲያነበው ተብሎ የሚጨመር ዐረፍተ ነገር ከጥንት ጀምሮ ነበረ። በ1957 በወጣው በፎርትራን ቋንቋ፣ በተበሳ ካርድ የመጀመሪያ ዓምድ ላይ የላቲኑ ሲ ፊደል ከተገኘ ኮምፓይለሩ ያን ካርድ ዘሎ ያልፋል። በኮቦል ደግሞ የጸሐፊው ስም፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቀንና ልዩ ልዩ ማስታወሻ የሚሰፍርባቸው የታወቁ ቦታዎች በፕሮግራሙ ራስጌ ተደንግገው ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን በ1960 የወጣው የአልጎል ደንብ ነው። "ኮሜንት" ከሚለው ቃል ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ነጠላ ሰረዝ ነጥብ ድረስ የተጻፈው ሁሉ እንዳልተጻፈ እንዲቈጠር ያዝዛል። በሕግ ፊት ማብራሪያ ማለት ባዶ ማለት ነበር፤ ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለንና።

ስለ ስያሜው አንድ ቃል እንበል። በአማርኛ በተተረጐሙ የኮምፒዩተር ገጾች ላይ "ኮሜንት" የሚለው ብዙውን ጊዜ "አስተያየት" ተብሎ ይገኛል። በውይይት መካከል ለሚሰነዘር አሳብ ይህ ትክክል ነው። በፕሮግራም ውስጥ የሚጻፈው ግን አስተያየት አይደለም፤ ጸሐፊው የገዛ ሥራውን የሚፈታበት እንጂ በሌላው ሥራ ላይ የሚሰጠው ፍርድ አይደለምና። "ማስታወሻ" ለግል ጥቅም የሚጻፈውን ያሳስባል፤ "ሐተታ" ደግሞ ለሁለት ቃል ጽሑፍ ይከብዳል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ "ማብራሪያ" የሚለውን መርጦአል፤ ምንም እንኳ የማያበራ ማብራሪያ ብዙ መሆኑን ባይዘነጋም።

ፕሮግራሙ በአንድ በኩል፣ መመሪያው በሌላ በኩል ይጻፍ በነበረበት ዘመን፣ ሁለቱ ጽሑፎች እየተራራቁ መሄዳቸው የታወቀ ችግር ነበር። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የዩኒክስን መመሪያ የመጀመሪያ እትም በኅዳር 1971 ሲያወጡ እያንዳንዱን ትእዛዝ በተወሰነ ቅርጽ ገለጹት፤ ስሙ፣ አጻጻፉ፣ መግለጫው፣ እንዲያውም የታወቀ ጉድለቱ ሳይቀር በየአርእስቱ ተለይቶ ቀረበ። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይህን ሲያይ የሙያ ወንድሙን ያገኘ ያህል ይደሰታል። ይሁን እንጂ መመሪያው የሚኖረው በሌላ ፋይል ነው። ፕሮግራሙን የሚያሻሽለው ሰው መመሪያውንም ማሻሻሉን ከረሳ፣ አንባቢው ትላንት እውነት የነበረውን ዛሬም እውነት ነው ብሎ ይይዛል። ከርኒሃንና ፕላውገር በ1974 ባሳተሙት የፕሮግራም አጻጻፍ መጽሐፍ፣ በዚያው በፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ማብራሪያ እንኳ ከትእዛዙ ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ እንደሚገባ ማሳሰብ ያስፈለጋቸው በከንቱ አይደለም።

መፍትሔ የተፈለገው በሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛው ከሊስፕ ወገን የመጣው ነው። በ1976 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረው ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ፣ ፈጣሪው ሪቻርድ ስቶልማን "ራሱን የሚገልጽ" ብሎ የሚኰራበት ነበር። በ1985 የወጣው የግኑ ኢማክስ በተጻፈበት ሊስፕ፣ የእያንዳንዱ ንዑስ ፕሮግራም መግለጫ በራሱ በንዑስ ፕሮግራሙ ውስጥ ይቀመጣል፤ መሣሪያውም አይጥለውም። ተጠቃሚው የትእዛዙን ስም ጠቅሶ ሲጠይቅ በሥራ ላይ ያለው ፕሮግራም ራሱ አፍ አውጥቶ ይመልሳል። የመግለጫው የመጀመሪያ መስመር በራሱ የቆመ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንዲሆን ልማድ ተደረገ። ፓይተን የተባለው ቋንቋ በኋላ የወረሰው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው አቅጣጫ የዶናልድ ክኑት ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ይህ ሊቅ፣ ፕሮግራም ለመሣሪያ የሚሰጥ ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ ለሰው የሚቀርብ ድርሰት ሊሆን ይገባዋል ብሎ ተነሣ። በ1984 አሳቡን ባተመበት ጽሑፍ የገለጸው ዌብ የተባለው ዘዴ፣ ንባቡንና ትርጓሜውን በአንድ ፋይል እያፈራረቀ ያጽፋል። ከዚያ ፋይል አንዱ መሣሪያ ለኮምፓይለር የሚሆነውን ፕሮግራም፣ ሌላው ደግሞ ለማተሚያ የሚሆነውን መጽሐፍ ያወጣል። ስሙን የመረጠው በከፊል በኮምፒዩተር ዓለም ገና ያልተያዘ ባለ ሦስት ፊደል ቃል በመሆኑ ነው ማለቱ፣ ከኋላ የመጣውን ለሚያውቅ አንባቢ ፈገግ ያሰኛል። የአንድምታ መጻሕፍት ለለመደ አንባቢ የክኑት ገጽ እንግዳ አይሆንበትም፤ ንባቡ አጭር፣ ትርጓሜው ረጅም፣ ቅደም ተከተሉም ለአስተማሪ እንደሚመች የሚሄድ ነው። በ1986 የታተመው የቴክ ፕሮግራም ሙሉ መጽሐፍ የዚህ ዘዴ ታላቅ ፍሬ ነው።

የዘዴው ስም ግን ለተርጓሚ ወጥመድ ይዞአል። የእንግሊዝኛው ቅጽል "ማንበብና መጻፍ የሚችል" የሚለውንም፣ "ሥነ ጽሑፋዊ" የሚለውንም ስለሚያዝል፣ መጀመሪያ ላይ የመጣልን "ፊደል የቈጠረ ፕሮግራም" ነበር፤ ወደ መሠረተ ትምህርት ጣቢያ የተላከ ፕሮግራም ይመስላል። ክኑት ራሱ ግን ፕሮግራም እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ ይታይ ባይ ስለ ሆነ "ሥነ ጽሑፋዊ ፕሮግራም አጻጻፍ" የሚለው ይሻላል። ሁለቱን ትርጕሞች በአንድ የአማርኛ ቃል መሸከም አልተቻለም፤ አንዱን መተው ግድ ሆኖአል።

የክኑት መንገድ የተከበረ ቢሆንም ብዙ ተከታይ አላገኘም። ብዙሃኑ የተከተሉት በ1996 መጀመሪያ ከጃቫ ቋንቋ ጋር የወጣውን፣ ጃቫዶክ የተባለውን ቀለል ያለ መሣሪያ ነው። ተራ ማብራሪያ በእዝባርና በአንድ ኮከብ ሲከፈት፣ ለማጣቀሻው የሚለቀመው በእዝባርና በሁለት ኮከብ ይከፈታል። በውስጡም አት በተባለው ምልክት የሚጀምሩ አርእስቶች አሉ፤ ፓራሜትሩ ምንድር ነው፣ ምን ይመልሳል፣ ማን ጻፈው፣ ከመቼ ጀምሮ አለ፣ ሌላ ወዴት እንመልከት የሚሉ ናቸው። መሣሪያው እነዚህን ለቅሞ፣ ከንዑስ ፕሮግራሙ ስምና ዐይነት ጋር አጋብቶ፣ በፊደል ተራ የተደረደሩ ገጾችን ያወጣል። በዚሁ ዓመት የወጣው የቋንቋው ሕገ መጽሐፍ የመጀመሪያ እትም ስለ እነዚህ ማብራሪያዎች ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነበረው።

ከማብራሪያው ውስጥ የመጀመሪያዋ ዐረፍተ ነገር ለብቻዋ ተቈርጣ በጥቅል ሰንጠረዥ ላይ ትቀመጣለች። እዚህ ላይ የሥርዐተ ነጥብ ጥያቄ ይነሣል። በእንግሊዝኛው ደንብ የዐረፍተ ነገር መጨረሻ ማለት ከኋላዋ ባዶ ቦታ ያለባት አንዲት ነጥብ ናት። ማብራሪያውን በአማርኛ የጻፈ ሰው አራት ነጥብ ሲያኖር፣ ይህ ደንብ አያውቀውም፤ ስለዚህ ፍለጋውን ይቀጥልና አንቀጹን በሙሉ ወደ ሰንጠረዡ ሊያጋፍፈው ይችላል። ለእንግሊዝኛ ያልሆኑ ቋንቋዎች መሣሪያው ሌላ፣ የየቋንቋውን ወሰን የሚያይ መንገድ አበጅቶአል፤ ዳሩ ግን ይህ የሚሠራው የሥራው ቋንቋ አስቀድሞ ከተነገረው ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ሲሆን፣ አራት ነጥብም በዚያ ሠንጠረዥ ከዐረፍተ ነገር መዝጊያዎች ተቈጥሮአል። የምልክቱ መብት ታውቆለታል፤ ጕድለቱ ደንቡን የሚጽፈው ሰው ከእንግሊዝኛ ውጭ ማሰቡን መርሳቱ ላይ ነው።

አሁን ወደ አልጎል ደንብ እንመለስ። ማብራሪያ ባዶ ነው ተብሎ ነበር። በ1997 በወጣው በጃቫ 1.1 ግን አንድ አዲስ አርእስት ተጨመረ፤ "ዴፕሬኬትድ" ይባላል። ይህ አርእስት በማብራሪያው ውስጥ ከተገኘ ኮምፓይለሩ አይቶት፣ በዚያ ንዑስ ፕሮግራም የሚገለገለውን ሁሉ ያስጠነቅቅ ጀመር። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ እንዳልተጻፈ ሊቈጠር የሚገባው ጽሑፍ የሕግ ኀይል አግኝቶ ቈየ ማለት ነው። በ2004 በወጣው በአምስተኛው እትም ራሱን የቻለ ምልክት ተበጅቶለት ወደ ንባቡ ተዛወረ። በጥንት ጸሐፊዎች ዘንድ የኅዳግ ቃል በስሕተት ወደ ንባብ ሲገባ አይተናል፤ ይህኛው ግን በዐዋጅ የገባ ነው።

ለቃሉ አማርኛ ማግኘት ቀላል አልሆነም። ከላቲን ሥሩ "በጸሎት ማራቅ" ማለት ነው። "የተሻረ" ብንለው ሐሰት ይሆናል፤ የተሻረ ሕግ አይሠራም፣ ይህ ግን ይሠራል። "ጊዜ ያለፈበት" የሚለውም የአንዳንዱን ምክንያት ይገልጽ እንደ ሆነ እንጂ ሁሉን አይጠቀልልም፤ ከመጀመሪያውም ስሕተት ስለ ነበረ የተነቀፈ አለና። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ልዩነቱ የታወቀ ነው፤ "ከአገልግሎት የወጣ ቃል" እና "ባይጠቀሙበት የሚሻል ቃል" አንድ መለያ አይሰጣቸውም። የጋዜጣው አማርኛ "ተሰናባቹ ሚኒስትር" ሲል ገና በወንበሩ ላይ ያለውን ግን የሚለቀውን ሰው ማለቱ ነውና፣ "ተሰናባች" የሚለውን ለመምረጥ ተቃርበን ነበር። ነገር ግን በ1997 የተነቀፉ አንዳንድ የቀን ስሌት ንዑስ ፕሮግራሞች ዛሬም በቦታቸው አሉ፤ ሃያ አምስት ዓመት አልፎአቸው ያልተሰናበቱትን ተሰናባች ማለት ያስቃል። በ2017 የወጣው ዘጠነኛው እትም በእርግጥ የሚወገዱትን ለይቶ ማመልከት ስለ ጀመረ፣ "የማይመከር" ለጠቅላላው፣ "ተሰናባች" ደግሞ ለሚወገደው ብቻ እንዲሆን ሐሳብ እናቀርባለን።

ሌሎቹን በአጭሩ እንለፍ። በ1994 የወጣው የፐርል አምስተኛ እትም የራሱ የመግለጫ አጻጻፍ ነበረው፤ የቋንቋው ደራሲ ላሪ ዎል በትምህርቱ የቋንቋ ጥናት ሰው ሲሆን፣ ያልተጻፈ ቋንቋ ፈልጎ ፊደል ሊያበጅለት አስቦ የነበረ ነው። በ1997 ኔዘርላንዳዊው ዲሚትሪ ቫን ሄስች የጀመረው ዶክሲጅን ለሲ ፕላስ ፕላስ ተመሳሳይ አገልግሎት ሰጠ፤ "ፓራሜትሮች"፣ "የሚመልሰው" የሚሉትን የገጽ አርእስቶች ፈቃደኞች ከሠላሳ በሚበልጡ ቋንቋዎች ተርጕመውለታል። በአማርኛ ለመተርጐም ለሚነሣ ሰው የሥራው መጠን ጥቂት መቶ ሐረግ ቢሆን ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሐረግ በሺህ ገጽ ላይ ይደገማልና ስሕተቱም እንዲሁ ይደገማል።

የልማዱ ደካማ ጎን ለመዝገበ ቃላት ሰው እንግዳ አይደለም። መሣሪያው ስሙንና ዐይነቱን ከንባቡ ስለሚወስድ በእነርሱ አይሳሳትም፤ ፍቺውን ግን ሰው እንደ ጻፈው ይገለብጠዋል። ማብራሪያ ይኑረው የሚል ትእዛዝ ብቻ የደረሰው ፕሮግራመር "ስም አምጣ" ለተባለው ንዑስ ፕሮግራም "ስም ያመጣል" ብሎ ይጽፍና ይገላገላል። ገጹ ሙሉ ይመስላል፤ ሰንጠረዡም ባዶ ቦታ የለውም። ቃልን በራሱ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ስንቱን ተማሪ ባዶ እጁን እንደ ሸኘ እናውቃለን። ስም ከሌለው ምን ይመልሳል? ስሙ በምን ፊደል ነው? የአባት ስም ይጨምራልን? አንባቢ የሚፈልገው ይህን ነበር።

ለተርጓሚ ደግሞ የትኛውን ይተርጕም የሚል ጥያቄ ይቀራል። የወጣውን ገጽ የተረጐመ እንደ ሆነ፣ ፕሮግራሙ በተሻሻለ ቍጥር ገጹ እንደ አዲስ ስለሚወጣ ድካሙ ይጠፋበታል። ማብራሪያውን በምንጩ ላይ የተረጐመ እንደ ሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያጣዋል። ከ2011 ወዲህ ስፊንክስ የተባለው የፓይተን ሰነድ ማዘጋጃ የተከተለው መንገድ፣ አንቀጾቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ትርጕማቸው ጎን ለጎን የሚሰፍርበት መዝገብ ማውጣት ነው። የምንጩ አንቀጽ ሲለወጥ የቀድሞው ትርጕም አይደመሰስም፤ አጠራጣሪ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት ይደረግበትና ተርጓሚው ዳግም እስኪያየው ድረስ ከሚወጣው ገጽ ይታገዳል፤ አንባቢውም በዚያ ቦታ የምንጩን ቋንቋ ያገኛል።