የእምዬ ማግ

አያቴን ቤተሰቡ ሁሉ «እምዬ» ይላት ነበር። የተወለደችው አንኮበር አጠገብ፣ ቆላው ቁልቁል ከሚታይበት አፋፍ ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አታውቀውም። ዕድሜዋን ስትጠየቅ «ጣልያን ሲገባ ድር መፍተል ችዬ ነበር» ትላለች፤ በቃ። የፈትል ሥራ ለማያውቅ ሰው መልስ አይመስልም፤ ለእኩዮቿ ግን ከበቂ በላይ ነበር። ሴት ልጅ መጀመሪያ የምትለማመደው ማግ ነው፤ ማግ ቢላላም፣ እዚህም እዚያም ቢወፍር ሸማኔው ይችለዋል። ድር ግን ቀጥኖ፣ ከርሮ፣ ሲወጠር የማይበጠስ መሆን አለበት። ድር ፈታይ ናት ከተባለች ለአቅመ ሔዋን ልትደርስ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በ1928 ዓ.ም. ዐሥራ አራት ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኗት ነበር ብለን ገመትን።

ስለ ሸማ የተጻፈውን ሳነብ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ሸማኔው ይነሳል፣ ጥለቱ ይነሳል፣ የለባሹ ማዕረግ ይነሳል። ፈታይዋ ግን የለችም። ሸማኔ በጥቂት ቀን ሠርቶ የሚጨርሰው ጋቢ እኮ ከአንዲት ሴት ወራት ወስዷል። አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ከጀርባው ብዙ ሴቶች ማታ ማታ እንዝርት ማሾር ነበረባቸው።

አንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ መናገሻ ነበረች፤ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት ተቀምጠውባታል። ከሥሯ ያለው አልዩ አምባ ደግሞ የታወቀ የአርብ ገበያ ነበረው። ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው፣ ከይፋት ቆላ ጥጥ፣ ከደጋው እህል የሚገናኙት እዚያ ነው። አንኮበር ብርድ ነው፤ ጥጥ አያበቅልም። ጥጡ ከቆላ ይወጣል፣ ደጋ ላይ ይፈተላል፣ ፈትሉ ለአርጎባ ሸማኔዎች ተመልሶ ይወርዳል፣ ጋቢ ሆኖ እንደገና ዳገቱን ይወጣል። እምዬ በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ይህን ቁልቁለት ልቃቂት ተሸክማ ወርዳለች፤ የአርጎባውን ሸማኔ ቤት ጉድጓዱንና መወርወሪያውን እስከ እርጅናዋ ድረስ አሳምራ ትናገር ነበር።

ሥራውን ያየሁት እሷ ዘንድ ነው። ፍሬው ያልወጣለትን ጥጥ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታስቀምጥና በብረት መዳመጫ ትዳምጠዋለች፤ ፍሬው ጠብ ጠብ እያለ ወደ ፊት ይፈናጠራል። የተዳመጠውን በደጋን ትነድፈዋለች። ጅማቱ በተመታ ቁጥር ድምፁ ቤቱን ይሞላዋል፣ ጥጡ እየተነፋ ባዘቶ ይሆናል፣ ብናኙ ሽፋሽፍቷ ላይ ያርፋል። ባዘቶውን በቀጭን እንጨት ላይ ጠቅልላ እንጨቱን ስትስበው አመልማሎ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእጅ ነገር ነው። እንዝርቱን ጭኗ ላይ በመዳፏ ታሾረዋለች፣ ግራ እጇ አመልማሎውን ይዞ ወደ ላይ ይርቃል፣ ክሩ በሁለቱ መካከል ይወለዳል። ዓይኗ እጇ ላይ አይደለም። ወጡን ታያለች፣ ከጎረቤት ትጫወታለች፣ እኛን ትቆጣለች። ክሩ ሲበጠስ ብቻ ዝም ትላለች።

እሑድና በበዓል ቀን እንዝርት አትነካም። በሌላው ቀን ግን መፍተልን እንደ ጸሎት የቆጠረችው ይመስለኛል፤ እመቤታችን ገብርኤል ሲያበሥራት ስትፈትል ነበረች፣ በአብያተ ክርስቲያናት ሥዕልም እንዝርት ይዛ ትታያለች። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ የናቀ አገር ፈታይዋን አልናቀም፤ የመኳንንት ሚስቶች እንኳ ይፈትሉ ነበር። አንዱን ክር በእጇ ያወጣችውን አክብሮ፣ በእግሩ እየረገጠ ልብስ ያደረገውን መስደብ! ይህን ግፍ እምዬ በቤቷ አላስገባችም። ሸማኔዋ ሲመጣ ከእኛ እኩል፣ ከአንድ መሶብ ይበላ ነበር።

በ1940ዎቹ ባሏን ተከትላ አዲስ አበባ ስትመጣ ያረፈችው ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ በታች ነው። አካባቢው ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ሰፈር ነበር። እዚህ ግን ድር የሚፈትል አላገኘችም። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የፋብሪካ ክር እንደ ልብ ይገባ ነበር፤ በኋላም የድሬዳዋው ፋብሪካ፣ ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳሩም በ1953 ዓ.ም. ተጨመረ። ሸማኔው ድሩን ከሱቅ ገዝቶ ማጉን ብቻ ከፈታይ ይቀበል ጀመር። በስንት ልፋት የተማረችው የድር ሙያ በአንድ ትውልድ ዋጋ አጣ። የቀራት ማግ ነበር፤ በዚያው በማግ ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን አሳደገች። ደብተርና ዩኒፎርም የተገዛው፣ የእድር የተከፈለው ከልቃቂቱ ነው። ድሮ በጣልያን ጊዜ እናቷ ጫካ ለገቡት አርበኞች ስትፈትል ታግዛት እንደነበር የነገረችን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እንደ ቁም ነገር አልቆጠረችውም። እኔ ግን እቆጥረዋለሁ። የተዋጊው ታሪክ ሲጻፍ በውርጭ ማታ ምን ለብሶ አደረ የሚለውም መጻፍ አለበት።

ዘጠና አልፏት ስታርፍ ያ ከመሶቧ ይበላ የነበረው የዶርዜ ሸማኔ፣ እሱም አርጅቶ፣ ለቅሶ መጣ። ሰልስቱ ላይ ቤት ያሉትን ጋቢዎች አምጡልኝ አለ። አንድ በአንድ በጣቱ እየዳሰሰ የትኛው የወጣትነቷ፣ የትኛው ዓይኗ ከደከመ በኋላ የተፈተለ እንደሆነ ለየልን። ማጉ ከዓመት ዓመት ሲወፍር ይታወቃል። አንደኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ትንሹ አጎቴ በ1967 ዓ.ም. እድገት በኅብረት ዘምቶ ወሬው በጠፋበት ወቅት የተፈተለ ነው፤ በየስንዝሩ ቋጠሮ አለበት። «ክሩ እጃቸው ላይ እየተበጠሰ ቀጥለውት ነበር» አለን። «እማማ፣ ይሄን ልተወውና ሌላ ማግ ይስጡኝ ብላቸው፣ ‹ልጄ፣ ለእሱ የፈተልኩት ነው፤ ከነቋጠሮው ሥራው› አሉኝ።»