ከፍግ እስከ ሕያው ማዳበሪያ፦ የጋሞ አፈርና የሩዝ ተስፋ



በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሩዝን ዕድገትና ምርት እንደሚያግዙ በዚህ ዘመን በሰፊው ይነገራል። እኔ ጉዳዩን ዛሬ ከታሪክ በኩል እመለከተዋለሁ። ታሪኩም የሚጀምረው ከዚህ ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ከሚታዩት የጋሞ ተራሮች ነው።

በጨንቻና በዶርዜ እንሰት የሚተከለው በቤት ዙሪያ ነው። የከብቱ ፍግ ከበረቱ እየተጠረገ ወደ ጓሮው ይወሰዳል፤ ከሸክሙም ብዙው በሴቶች ጀርባ ላይ ወድቆ ኖሯል። በዚህ ልማድ የጓሮው አፈር ጠቁሮና ለስልሶ ሲቆይ፣ ፍግ እምብዛም የማይደርሰው የሩቁ ማሳ ሳስቷል። የአፈሩ ለምነት በከብቱ ብዛት የተወሰነ ነበርና፣ ከብት ያጣ ቤተሰብ መሬቱም ይደኸይበት ነበር።

ፍግ አፈሩን ለምን እንደሚያለማ ሳይንስ የተረዳው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ማርቲኑስ ቤዬሪንክ የተባለው የኔዘርላንድ ተመራማሪ ከጥራጥሬ ሥር እባጮች ውስጥ ናይትሮጅንን ከአየር የሚያጠምዱ ባክቴሪያዎችን ለይቶ አወጣ። በ1904 ጀርመናዊው ሎሬንዝ ሂልትነር በሥር ዙሪያ ላለው፣ በሕይወት ለተሞላው ስስ የአፈር ክፍል ስም ሰጠው። ሩዝ ግን እንደ ባቄላ እባጭ አያበጅም። በ1970ዎቹ ዮሃና ዶበራይነር በብራዚል ባካሄደችው ምርምር፣ በሣር ወገን ሰብሎች ሥር ዙሪያም ናይትሮጅን የሚያጠምዱ ባክቴሪያዎች እንደሚኖሩ በሰፊው ታወቀ። ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው አንዳንዶቹ ሥሩን የሚያበረታታ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ በአፈር ውስጥ የታሰረውን ፎስፈረስ ያሟሟሉ።

በኢትዮጵያ የግብርናው ጉዞ በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ ያዘ። በ1967 በአርሲ የጭላሎ፣ በ1970 ደግሞ በጎረቤታችን በወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅቶች ተቋቋሙ፤ ዳፕና ዩሪያም ወደ ገበሬው ማሳ ገቡ። ምርት ጨመረ፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ስኬት በአብዛኛው በተሰራጨው ኩንታል ይለካ ስለነበር፣ የአፈሩ ሕይወት ከሒሳብ ውጭ ቀረ። የግጦሽ መሬት ሲጠብ ከብቱ አነሰ፤ ከብቱ ሲያንስ ፍጉም አነሰ። የማዳበሪያ ዋጋ ሲንር ደግሞ ገበሬው በሁለቱም በኩል ባዶ እጁን ሊቀር ሆነ።

ሩዝ በአገራችን በስፋት የተለመደው በጣና ዳር በፎገራ ሜዳ ነው። በአባያና በጫሞ ዙሪያ ባለው ቆላም ሩዝን የሚያስቡ አሉ። ለገበሬዎቻችን እስካሁን የደረሰው ሕያው ማዳበሪያ በዋናነት ለባቄላ፣ ለሽምብራና ለአኩሪ አተር የሚውለው ነው፤ ለሩዝ የሚሆነው በአብዛኛው ገና ከምርምር ደጃፍ አልወጣም።

እንግዲህ የምርምራችን ቅደም ተከተል ከዚህ ታሪክ መቀዳት አለበት። ባክቴሪያ ሕይወት ያለው ነው። በሙቀት ውስጥ የከረመ ከረጢት የሞተ ዱቄት ይሆናል፤ ብስባሽ በሌለው አፈር ላይ የተበተነም አይበረክትም። ስለዚህ በመጀመሪያ አፈሩ ይመርመር፤ አሲዳማ ከሆነ በኖራ ይታከም፤ ኮምፖስት ይግባበት። ባክቴሪያው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ውጤቱም በገበሬው ማሳ ላይ፣ ባክቴሪያ ካልገባበት መደብ ጎን ለጎን፣ በተለያዩ የዩሪያ መጠኖች ይለካ። ይህ ሳይሆን ከረጢቱ ከተሸጠ፣ ገበሬው ገንዘቡንና አንድ የእርሻ ወቅት በአንድነት ያጣል።

አንድ ጥያቄም አብሮ ይመለስ፤ ኮምፖስቱን ማን ይሸከማል? ሸክሙ ዳግመኛ በዚያችው እናት ጀርባ ላይ የሚወድቅ ከሆነ፣ አፈሩን አድነን ሰውን ማድከማችን ነው። ለዚህ ጥያቄ ከቤተ ሙከራ ብቻ መልስ አይገኝም፤ ፍግ ሲሸከሙ የኖሩት የጋሞ ሴቶች በምርምሩ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊቀመጡ ይገባል።