ቤተ ሰብን ይዞ ወደ በረሃ ከተማ ስለ መውረድ
ከለገሃር ወደ ድሬዳዋ የሄዱ የሰፈራችን ሰዎች ታሪክ

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሐፍ ውስጥ የደብራችንን አተካከል፣ ያገለገሉትን አባቶች ካህናትና ለሕንጻው የተደረገውን ድካም ሌሎች ጸሐፊዎች በየክፍላቸው ተናግረዋል። ነገር ግን የአንድ ደብር ታሪክ በአጥሩ ዙሪያ የቀሩት ሰዎች ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ሩቅ አገር የሄዱትም ልጆቹ ናቸውና የእነርሱም ነገር ሊጻፍ ይገባል። ሰፈራችን ከሜክሲኮ እስከ ቂርቆስና እስከ ካዛንቺስ ድረስ በለገሃር ጣቢያ አቅራቢያ ያለ ስለ ሆነ፣ የባቡሩ ፊሽካ በሚሰማበት ዘመን በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣ ነበር። ይኸውም «ቤተ ሰባችንን ይዘን ወደ ድሬዳዋ እንውረድን? ወይስ በዚሁ እንኑር?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ዛሬም አልቀረም። ስለዚህ ያለፉት ሰዎች እንዴት እንደ መከሩና ከመከሩም በኋላ ምን እንዳገኛቸው መመልከት ለአሁኑ ሰው ይጠቅማል ብዬ ይህን ጥቂት ጽሑፍ አቀረብሁ።

ድሬዳዋ እንደ ሐረር ወይም እንደ ጎንደር ከጥንት ጀምሮ የነበረች ከተማ አይደለችም፤ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊስ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር የሚሠራበትን ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱ ሐረርን እንዲነካ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣት ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ መንገዱ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተቈረጠ። ጣቢያው የቆመበትም ስፍራ አስቀድሞ አዲስ ሐረር ተባለ፤ በኋላ ግን ድሬዳዋ የሚለው ስም ጸና። ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አጥሮት ስለ ወደቀ ሥራው በዚያው ቆመ፤ አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ለገሃር ቆሞ የምናየው የጣቢያ ሕንጻም የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሐዲዱ ወደ ላይ እስኪቀጥል ድረስ ድሬዳዋ የባቡሩ መጨረሻ ሆና ብዙ ዓመት ኖረች። ከባሕር የመጣው ዕቃ በእርስዋ ይራገፋል፤ ከደጋ የወረደው ቡናና ቆዳም በእርስዋ ይጫናል። ነጋዴውም፣ አናጢውም፣ ብረት ሠሪውም፣ ጸሐፊውም እንጀራውን ፍለጋ ወደ እርስዋ የወረደው ስለዚህ ነው።

የአገሩ ጠባይ ግን ለደጋ ሰው ቀላል አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ናት። ከለገሃር የሚወርድ ሰው የአገሩን ከፍታ እኩሌታ ትቶ ይሄዳል ማለት ነው። የዓመቱ ሙቀት በአማካይ 25 ዲግሪ ያህል ሲሆን በግንቦትና በሰኔ ቀኑ እስከ 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ ዝናሙም አዲስ አበባ ከሚዘንበው እኩሌታ ያህል ነው። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ሆኖ ይታያል፤ በተራራው ላይ ዝናም በጣለ ጊዜ ግን በድንገት ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ከተማዪቱም በዚህ ወንዝ ለሁለት ትከፈላለች፤ በአንድ ወገን የባቡር ኩባንያው ቀጥ ባሉ መንገዶችና በዛፎች ጥላ ያስዋበው ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ ይገኛል። ሰዎቹም ከፀሐዩ ጋር መኖርን ስላወቁ በቀትር ሱቃቸውን ዘግተው ያርፋሉ፤ ፀሐይ ሲበርድ ደግሞ ይከፍታሉ።

አንድ የሰፈራችን ባለ ትዳር ወደዚያ ለመሄድ ባሰበ ጊዜ በሚዛኑ ላይ የሚያኖረው ነገር ብዙ ነበር። በአንድ ወገን ሥራ አለ፤ የባቡሩ ትልቁ የጥገና ሥራ ቤት በድሬዳዋ ስለ ነበረ በእጁ ሙያ ያለው ሰው እንጀራ አያጣም። የኩባንያው የጽሕፈት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበረም ልጆች ቋንቋ ይማራሉ ተብሎ ይታሰብ ነበር። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ በአንድ ገበያ የሚገናኝባት ከተማ ስለ ሆነችም ለንግድ ትመቻለች። በሌላው ወገን ግን ንዳድ አለ፤ ሙቀት አለ፤ የውኃ ነገር አለ። ከዚህም ሁሉ በላይ ዘመድ፣ እድርና ማኅበር፣ የነፍስ አባትና የአባቶች መቃብር በቂርቆስ ይቀራሉ። ሰው በታመመ ጊዜ ማን ይጠይቀዋል? በሞተስ ጊዜ ማን ይቀብረዋል? ይህ ለዚያ ዘመን ሰው ከደመወዝ የማያንስ ጥያቄ ነበር።

ሁለቱም ወገን የከበደበት ሰው ብዙ ጊዜ ሦስተኛ መንገድ ይመርጥ ነበር። ይኸውም ባል ብቻውን ወርዶ ገንዘብ ይልካል፤ ሚስትና ልጆች በሰፈሩ ይቀራሉ። ሲታይ ጥበብ ይመስላል፤ ምንም የተጣለ ነገር የለምና። ነገር ግን ቤትን ለሁለት የከፈለ ሰው ሁለት ቤት አያገኝም፤ ሁለት ግማሽ ብቻ ይቀሩታል።

ይህን የምናገረው ከሰው ሰምቼ ብቻ አይደለም። የእናቴ አባት አናጢ ነበሩ፤ በ1941 ዓ.ም. ሥራ አግኝተው ብቻቸውን ወደ ድሬዳዋ ወረዱ። ለአንድ ዓመት ያሉት ሁለት ዓመት ሆነ። ገንዘቡ በየወሩ ይመጣል፤ እርሳቸው ግን የሚመጡት ለፋሲካ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ፋሲካ በመጡ ጊዜ ታናሹ ልጃቸው አባቱን እንደ እንግዳ ቈጥሮ ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገ። አያቴም ይህን አይተው ምንም አልተናገሩም፤ ነገር ግን በሐምሌ 1943 ዓ.ም. ቁልቢ ገብርኤልን ለመሳለም ስእለት አለብኝ ብለው ተነሡ። ከተሳለሙም በኋላ ወደ ድሬዳዋ ወርደው ሦስት ሳምንት ተቀመጡ።

በእነዚያ ሳምንቶች ያደረጉትን ነገር እስከ ዕለተ ሞታቸው ይተርኩልን ነበር። የባላቸውን ቤት ከማየታቸው በፊት ውኃ ወደሚቀዳበት ስፍራ ሄደው ከሴቶቹ ጋር ተቀመጡ። ውኃው በበጋ ይነጥፍ እንደ ሆነ፣ ሕፃን በታመመ ጊዜ ወዴት እንደሚወሰድ፣ ሰው በሞተ ጊዜ ማን ተሰብስቦ እንደሚቀብረው ጠየቁ። አንዲት ባልቴትም «እኅቴ፣ አሁን ሐምሌ ነው፤ ግንቦትን ሳታዪ አትፍረጂ» አለቻቸው። አያቴ ግን ግንቦትን የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውም። ወደ ባላቸው ተመልሰው «አየሁት፤ ሰው ይኖርበታል። እንግዲህ ወይ ሁላችንም እንወርዳለን፣ ወይ እርስዎ ይመለሳሉ፤ ገንዘብ ብቻውን አባት አይሆንም» አሉ። በ1944 ዓ.ም. መስከረም ሁሉም ወረዱ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። ነገር ግን በወረዱ በሁለተኛው ዓመት ከቀሚስ ኋላ የተሸሸገው ያ ሕፃን በንዳድ ታምሞ ሞተ፤ በዚያው ተቀበረ። በዚያው ዘመን እናቴ ተወለደች፤ አደገች፤ ተማረች፤ ቤቱም በሥራ ጸና። አያቴ በውሳኔያቸው ተጸጸትሁ ሲሉ አልሰማሁም፤ ልክ ነበርሁ ሲሉም አልሰማሁም። «ሦስት ዓመት ከአባቱ ጋር ኖረ» ብቻ ይሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ዘመኖች ድሬዳዋን በብዙ ፈተና መርምረዋታል። በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት የሶማሊያ ሠራዊት እስከ ከተማዪቱ ድረስ ገፍቶ በነሐሴ ወር ውጊያ ሆነባት፤ ከተማዪቱ ግን አልተያዘችም። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቂርቆስ ከተመለሱት ቤተ ሰቦች አንዱ የእኛ ነበረ። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ወጥቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፤ ቤታቸው የፈረሰባቸውም ብዙ ነበሩ። ከተማዪቱን የወለዳት አሮጌው ባቡርም እያረጀ ሄዶ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከለገሃር መነሣቱ ቀረ። በአንድ ደመወዝ ብቻ ተደግፎ የኖረ ቤት በዚህ ጊዜ ተናወጠ፤ ሙያን፣ ቋንቋንና ጎረቤትን ያተረፈ ቤት ግን ሌላ እንጀራ አገኘ። ከተማዪቱ ራስዋ ከባቡሩ ጋር አልሞተችም፤ በ1999ኙ ቈጠራ በከተማው ብቻ 233,224 ሰዎች ተገኝተዋል።

እዚህ ላይ የሰፈራችን መጠሪያ የሆነውን የሕፃኑን የቅዱስ ቂርቆስንና የእናቱን የቅድስት ኢየሉጣን ነገር ማሰብ ተገቢ ነው። በስንክሳር እንደሚነበበው ቅድስት ኢየሉጣ የሦስት ዓመት ልጅዋን ይዛ ከመኰንኑ ፊት ወደ ሌላ አገር ሸሸች፤ ነገር ግን የሸሸችውን መኰንን በዚያው በደረሰችበት አገር አገኘችው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ አገር መለወጥ ብቻውን ከመከራ አያድንም። ሁለተኛው፣ እናቲቱ በሸሸች ጊዜ ልጅዋን ትታ አልሄደችም፤ መከራው ባገኛቸውም ጊዜ በአንድነት አገኛቸው። መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ከፈላው ውኃ ያዳናቸው ሐምሌ 19 ቀን ነው፤ ይህም ራስ መኰንን ባሠሩት በቁልቢ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚያከብረው በዓል ነው። አያቴ እግራቸው እስከ ቻለ ድረስ በየዓመቱ በዚህ ቀን ቁልቢ ይሳለሙ ነበር፤ ከዚያም ወደ ቆላው ወርደው የልጃቸውን መቃብር ይጎበኙ ነበር።

ዛሬ ደግሞ ጥያቄው በሌላ መልክ መጥቷል። በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ብዙ ቤት ሲነሣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ደብሩን የሚያውቁ ቤተ ሰቦች ወደ ከተማው ዳርቻ ተበትነዋል፤ ከእነርሱም «ከተነሣን አይቀር ሥራ ወዳለበት ወደ ድሬዳዋ እንሂድ» የሚሉ አሉ። ለዚህም ምክንያት አላቸው። በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመርቋል፤ በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጣና በድሬዳዋ ተከፍቷል። ነገር ግን አሮጌው ጥያቄ አልተሻረም። ውኃው ከምድር ጕድጓድ የሚቀዳ ነው። ንዳድም ቢሆን መልኩን ለውጦ መጥቷል፤ በ2014 ዓ.ም. በከተማዪቱ ወባ በተነሣ ጊዜ ከሌላ ክፍለ ዓለም የመጣች፣ በየቤቱ በሚጠራቀም ውኃ ውስጥ የምትራባ የወባ ትንኝ ተገኝታለች። ስለዚህ በዚያ የሚኖር ሰው የውኃ በርሜሉን መክደን እንደ ቤቱ በር መዝጋት ሊቈጥረው ይገባል።

እንግዲህ በረሃው ክፉ ነው ወይም መልካም ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው ነገሩን አላወቀውም። ካለፉት ሰዎች የምንማረው ምክር ሦስት ነው። አስቀድሞ ሄዶ ማየት፤ ይልቁንም ግንቦትን ማየት፣ ከባለ ሥራውም ይልቅ ውኃ የምትቀዳውን ሴት መጠየቅ። ቀጥሎ የሚጠራን ሥራ ቢቀር በምን እንደምንኖር አስቀድሞ ማሰብ። በመጨረሻም፣ መሄድም ቢሆን መቅረትም ቢሆን፣ ቤትን ለሁለት ሳይከፍሉ በአንድነት መወሰን። ይህንም የጠበቀ ሰው ቢሆን ኀዘን አያገኘውም ማለት አይደለም፤ ኀዘኑ ባገኘው ጊዜ ግን ብቻውን አያገኘውም።

ለደብራችንም አንድ ሥራ አለባት። ከሰፈሩ የሚነሣውን ቤተ ሰብ ስሙን በመዝገብ ጽፋ፣ የንስሐ አባቱ በሚሄድበት አገር ላለ ካህን አደራ ብሎ እንዲልከው ብታደርግ፣ በሩቅ አገር የሚሞተው ሰው ቀባሪ ያጣ አይሆንም። ይህን ኢዮቤልዩ የምናከብር ሁላችን በድሬዳዋ አሸዋ ውስጥ የተቀበሩትን የሰፈራችንን ልጆች በጸሎታችን እናስባቸው። እግዚአብሔር ለሄዱት ቤት ይስጣቸው፤ ለቀሩት ትዕግሥት ይስጣቸው፤ ያንቀላፉትን ነፍሳቸውን በገነት ያሳርፍ። አሜን።