ዶዘር ሳይመጣ የሚፈርስ ቤት

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብዛኞቻችን ያየነው በስልካችን ነው። ዶሮ ማነቂያ ሜዳ ሲሆን፣ ከግድግዳው ጀርባ ተደብቆ የኖረው ሰማይ ድንገት ሲታይ፣ ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ቅርስ ወደመ» አለ። ሌላው «የምን ቅርስ? የበሰበሰ ጭቃ ቤት ነው፣ ሽንት ቤት እንኳን የለውም» አለ። ክርክሩ ሞቅ ብሎ ሰነበተና እንደ ልማዳችን በሌላ ወሬ ተተካ። በመሃል አንድ ጥያቄ ብዙም ሳይነሳ አለፈ። ለመሆኑ አንድ አሮጌ ቤት «ቅርስ» የሚሆነው መቼ ነው? ማንስ ነው የሚለው?

ሕጉ መልስ አለው። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሰው ልጅ የፈጠራና የጉልበት ውጤት ሆኖ ታሪካዊ፣ ባህላዊ፣ ሳይንሳዊ ወይም ኪነ ጥበባዊ ዋጋ ያለው ነገር አድርጎ ይተረጉመዋል። ባለቤቱ እንዲንከባከበው ያዛል፣ ሲጠግነው ደግሞ አስቀድሞ እንዲያስፈቅድ። ወጪው ከአቅሙ በላይ ከሆነ መንግሥት በከፊል ሊያግዘው ይችላል ይላል። («ሊያግዘው ይችላል» የምትለዋን ልብ በሉ። ሕግ ውስጥ «ይችላል» እና «አለበት» መሃል ስንት ጣሪያ ይወርዳል!) ከዚያ አዋጅ ቁጥር 839/2006 መጣና ቅርሶችን አገር አቀፍና ክልላዊ ብሎ ለሁለት መደበ።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው። በተግባር ግን የቤቱ ዕጣ የሚወሰነው ዶዘሩ በር ላይ ሲቆም አይደለም። ዓመታት ቀደም ብሎ፣ አንድ ባለሙያ ቅጽ ይዞ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ወይም ሳያልፍ ሲቀር ነው። ቅጹ ከተሞላ ቤቱ ቁጥር አለው፣ ቢያንስ የሚከራከርለት ወረቀት አለው። ካልተሞላ ለማፍረስ የሚመጣው ሰው ሕግ አልጣሰም፣ መዝገብ ላይ የሌለ ነገር ነው ያፈረሰው። ፒያሳ ላይ ያየነውም ይሄንኑ ነው። ሀገር ፍቅር ቴአትር ቆሟል። የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል የሚባለው፣ በ2007 ጥር በእሳት ተጎድቶ የነበረው ጣይቱ ሆቴልም ቆሟል። በመሃል የነበረው፣ ስም የሌለው፣ የልብስ ሰፊውና የጠላ ሻጯ ቤት ግን የለም።

ታዲያ ባለሙያው ቅጽ ይዞ የሚያልፈው የት ነው? እውነቱን ለመናገር ደጃዝማች የኖረበት በር ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቅርስ ተብለው የሚጠሩትን ቤቶች ስም አንድ በአንድ ብትጠሩ ራስ፣ ደጃዝማች፣ ቢትወደድ፣ ሼክ እያለ ይሄዳል። ከዚያ የሕንድና የአርመን ነጋዴዎች ይከተላሉ፣ ለምሳሌ የመሐመድ አሊ ቤት። አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት የአዲስ አበባ ቤቶች መጽሐፍ ለብዙዎቻችን ዓይን ገላጭ ነበር፤ በእጃቸው ባይደክሙ ኖሮ ዛሬ ፎቶ እንኳን አይኖረንም። መጽሐፉ የሚሸፍነው ከ1886 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን ነው። መጽሐፍ የራሱን ወሰን የመምረጥ መብት አለው። አንድ ከተማ ግን ከጣሊያን መውጣት በኋላ የተሠራውን ሁሉ «ገና አዲስ ነው» ብሎ ሲያልፍ ሌላ ነገር ነው።

የጭቃ ቤቱ ለምን እንደበሰበሰም ታሪክ አለው፣ ዝም ብሎ አልበሰበሰም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፣ ሁላችንም «አዋጅ 47» የምንለው። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ኪራይም በአዋጅ ተቀነሰ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፣ ይሄንን መካድ ነውር ነው። ቤቱን ግን ማን ይጠግነው? ቀበሌው ከሚሰበስባት ሳንቲም ቆርቆሮ አይገዛም። ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ አያፈስም፣ ቢያፈስም ፈቃድ ማውጣቱ ሌላ ጣጣ ነው። የቀድሞው ባለቤት ደግሞ ቤቱን በሩቁ እያየ ያልፋል። እንዲህ ሆኖ 40 እና 50 ዓመት ሲያልፍ «አሮጌ» እና «የተጎሳቆለ» አንድ ቃል ሆኑ። ዛሬ አሮጌ ቤት ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ያዘመመ ግድግዳ የሆነው ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የካሳው ስሌት አለ። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የሚለቀቅ ይዞታን የሚመለከተው አዋጅ (ቁጥር 1161/2011) ቤት ሲገምት የሚጠይቀው «ይህ ቤት ዛሬ እንደገና ቢሠራ ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። ለባለቤቱ ፍትሐዊ ነው። ለታሪክ ግን ስሌቱ ውስጥ ቦታ የለም። ምሰሶው ስንት ዘመን እንደቆመ፣ በዚያ ጓዳ ማን እንደተወለደ በካሬ ሜትር አይባዛም።

አንድ ምሳሌ ጨምሬ ወደ ዋናው ነገር ልሂድ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ምህጻረ ቃል ነው፦ «ካዜ ኢንቺስ»። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ተነሳ። አስመራ ውስጥ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ጣሊያን የተሠሩ ቤቶች ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብለው ተመዝግበዋል። ቅኝ ገዢ የሠራው ቤት ቅርስ ነው ወይስ አይደለም? ሁለቱ ከተሞች ተቃራኒ መልስ ሰጡ። እኔ በበኩሌ የአስመራው መልስ ትክክል ይመስለኛል፤ ቤቱ የጠላት ቢሆንም ውስጡ የኖርነው እኛ ነን።

አሁን ከሚሴ።

ከሚሴን ብዙ ሰው የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ ከአጣዬና ከሰንበቴ በኋላ፣ ከኮምቦልቻ በፊት፣ የቦርከና ሜዳ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ። የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ዞኑ ደዋ ጨፋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ጅሌ ጥሙጋን፣ ባቲንና ደዌ ሐረዋን ይይዛል። ከሚሴ የአስፋልት ልጅ ናት፣ መንገዱን ይዛ ነው ያደገችው። ዋናው መንገድ ዳር ቆማችሁ «የቱ ቤት ይጠበቅ?» ብትሉ ጭንቅ ነው፤ ቆርቆሮው፣ ብሎኬቱ፣ ባለ መስታወቱ ፎቅ ሁሉም በዕድሜ ወጣት ነው። እንደውም የዚህ አካባቢ ትልቁ ጥንታዊ ነገር ቤት ሳይሆን ገበያ ነው። ስሟ ከቅኝት ጋር አብሮ የሚጠራው ባቲ ሰኞ ሰኞ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን አንድ ሜዳ ላይ ታገናኛለች። ሰንበቴ ደግሞ የእሁድ ናት። ገበያ ግድግዳ ስለሌለው ቅጽ አይሞላለትም።

ግን ከከሚሴ ብዙ ሳትርቁ፣ በደዋ ጨፋ በኩል ወደ ተራራው ብትወጡ ሾንኬ አለች።

ሾንኬ የአርጎባ መንደር ናት። ኮረብታ አናት ላይ፣ ከድንጋይ የተሠሩ ቤቶች አንዱ ከአንዱ ተጠጋግተው፣ ከታች ለሚያያቸው ከኮረብታው ጋር አንድ ሆነው ይታያሉ። የመንደሯ ዕድሜ በአፍ ሲነገር 900 ዓመት ይባላል። ቁጥሩን በላቦራቶሪ አትለኩት፤ መልእክቱ «እኛ እዚህ ከጥንት ጀምሮ ነን» የሚል ነው፣ እንደዚያ ስሙት። ድንጋዩ ከዚያው ከተራራው ነው፣ እንጨቱም ከአካባቢው። ከሩቅ የመጣ ዕቃ የለም፣ ከሩቅ የመጣ መሐንዲስም የለም።

ለምን ተራራ ላይ? አርጎባ ነጋዴና ሸማኔ ነው፤ ከቆላው ጋር ይነግዳል፣ ከደጋው ጋር ይነግዳል፣ ሁለቱ ሲጣሉ ደግሞ መሃል ይቀራል። መሃል የሚቀር ሰው ቤቱን ሜዳ ላይ አይሠራም። ሾንኬ የዕውቀት ቦታም ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የኖሩት ሸኽ ጀውሀር ቢን ሐይደር እዚህ አስተምረዋል። የወሎን እስልምና ታሪክ በመጻፍ የሚታወቁት ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ስለ እሳቸው ራሱን የቻለ ጥናት ጽፈዋል። ተማሪ ከሩቅ እየመጣ ዳገቱን ይወጣ ነበር።

ሌላም አለ። አርጎብኛ የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው፣ በብዙ ቦታ ግን ተናጋሪው ወደ አማርኛ ወይም ወደ ኦሮምኛ ሄዷል። ቋንቋው ከቆየባቸው ጥቂት ቦታዎች መሃል ሾንኬና ጎረቤቷ ጦለሃ ይገኛሉ። ጀርመናዊው የቋንቋ ምሁር አንድሪያስ ቬተር እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመው ሰዋስው የእነዚህን የሁለቱን መንደሮች አርጎብኛ የሚገልጽ ነው። አስቡት፤ ሰዋስው የተጻፈለት ቋንቋ እነዚያ የድንጋይ ግድግዳዎች መሃል የሚነገረው ነው።

አሁን የቅርሱን ቅጽ ይዛችሁ ሾንኬ ውጡ። የራስ ቤት የለም። ቤተ መንግሥት የለም። አንዱን ቤት ነጥላችሁ «ይሄ ይመዝገብ» ብትሉ የጎረቤቱን ግድግዳ ምን ልታደርጉት ነው? መጠበቅ ያለበት መንደሩ ነው፤ ከዳገቱ፣ ከመስጊዱ፣ ከመቃብሩ ጋር። የእኛ መዝገብ ደግሞ የተማረው ነጠላ ነገር መቁጠር ነው፦ አንድ ዘውድ፣ አንድ ብራና፣ አንድ አዳራሽ። ደሴ ላይ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ቅርስ ለማለት ማንም አይቸገርም። ባለቤቱ ንጉሥ ነው፣ ስምም አለው፣ አንድም ነው።

በሾንኬ ላይ ዶዘር አልመጣም። ዳገቱ ራሱ አያስወጣውም። አደጋው ሌላ ነው። ውሃ ታች ነው፣ እርሻ ታች ነው፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ መኪና፣ ኔትወርክ ሁሉም ታች ነው። ወጣቱ ይወርዳል። ማን ይፈርድበታል? ውሃ በጀርባ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣን ሰው «ቅርስ ስለሆንክ እዚያው ቆይ» ማለት ግፍ ነው፣ በተለይ ከቧንቧ አጠገብ ተቀምጦ የሚናገረው ሰው ሲሆን። የድንጋይ ቤት ግን ሰው ሲለቀው ብዙ አይቆይም። ጣሪያው ክረምት በመጣ ቁጥር እጅ ይፈልጋል፤ ውሃ በአንድ ቀዳዳ ከገባ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ እንጨቱ ሲወድቅ የግድግዳው ራስ ይከፈታል፣ ከዚያ ድንጋዩ አንድ በአንድ ይንሸራተታል። ማንም ሳያዝ፣ ማንም ሳይፈርም።

መጨረሻው ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወደ ደቡብ፣ ሸዋ ውስጥ፣ በዚያው የተራራ ጫፍ ላይ ኖራ፣ አስባሪና መሳል የሚባሉ የጥንት የሙስሊም ከተሞች ፍርስራሾች አሉ፣ ከይፋት ሱልጣኔት ዘመን ጋር የሚያያዙ። ፈረንሳውያን አርኪዮሎጂስቶች በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጥንተዋቸዋል፤ የድንጋይ መስጊድ፣ የቤት ግድግዳ፣ መቃብር ተገኝቷል። አርጎቦች የእኛ ናቸው ይሏቸዋል። ዛሬ ቅርስ ናቸው፣ ጥናትም ይጻፍባቸዋል። በሌላ አነጋገር ሾንኬ ሰው እያለባት ከመዝጋቢው ዓይን የምትርቀውን ያህል፣ ባዶ ሆና ብትፈርስ ለምርምር ትመቻለች። ይሄ ነገር ብቻዬን ስሆን ያስቀኛል፣ ደስ በማይል ሳቅ።

የሚኖሩበትን መንደር ሳይበትኑ መጠበቅ አይቻልም እንዴ? ሐረር ሞክራለች። ጁገል በ1998 ሐምሌ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ሲገባ የተመዘገበው አንድ ሕንፃ አይደለም፤ አሚር ኑር ያሠሩት ግንብና ውስጡ ያለው ሁሉ ነው፣ 82 መስጊዶች፣ 102 አዋቾች፣ መተላለፊያ ቀጭን መንገዶቹ፣ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች። የሐረሪ ቤት፣ «ጌይ ጋር»፣ ልዩ የሆነው በውጭው አይደለም፣ ውጭው ኖራ የተቀባ ግድግዳ ነው። ውስጡ ነው፤ «ነደባ» የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች ማን የት እንደሚቀመጥ ይናገራሉ። ይሄንን የሚያውቅ ቤተሰብ ከወጣ ቤቱ ዝም ብሎ ደረጃ ይሆናል። ሐረርም ችግር አላጣችም። ቢሆንም ሰዎቹ እዚያው እየኖሩ ነው የተመዘገበው።

ላሊበላ ላይም ዩኔስኮ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር የመንደሩን ባለ አንድ ፎቅ ክብ የድንጋይ ጎጆዎች ጠቅሶ ጽፏል። ማለትም መንገዱ በራሳችን አገር፣ በራሳችን ክልል ውስጥ ተሄዶበታል። ሾንኬን እንደ መንደር ለመመዝገብ ሕግ አይከለክልም፤ አዋጅ 839 ክልላዊ ቅርስ የሚለውን በር ከፍቶታል። የሚጎድለው በዞኑና በወረዳው አቅም ላይ የሚጨመር ትንሽ ነገር ነው፦ በጀት፣ ድንጋይ መደርደር ለሚያውቁ ሽማግሌዎች የቀን ክፍያ፣ ከሥራቸው የሚማር ልጅ። ዳገቱ ላይ ውሃ ማድረስ ደግሞ ከሁሉም በፊት ነው። የውሃ ፓምፕ በቅርስ ጥበቃ በጀት ውስጥ ተጽፎ አይታወቅ ይሆናል፤ ሾንኬ ላይ ግን ከሲሚንቶ ይልቅ ቤቱን የሚያቆመው እሱ ነው።

የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ጎንደር ደርሷል፤ ክርክሩም አብሮ ይመጣል። በዋናው መንገድ ዳር የትኛው ቤት ይቅር፣ የትኛው ይነሳ እየተባለ ስብሰባ ይጠራል፣ ካርታ ይዘረጋል፣ ቀይ ቀለም ይቀባል። ያ ስብሰባ ያስፈልጋል። ሾንኬ ግን ቀይ ቀለም የሚቀባው ሰው እንኳን አልመጣላትም፤ የምትቀጠረው ለሚቀጥለው ክረምት ነው።