«ካፕቲቩስ» የሚለው የላቲን ቅጽልና ተወላጆቹ

«ካፕቲቩስ» የተባለው የላቲን ቅጽል «ካፔሬ»፣ ማለት መያዝ፣ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም የተማረከ፣ ምርኮኛ ማለት ነው። ለወንድ «ካፕቲቩስ»፣ ለሴት «ካፕቲቫ»፣ ወንድም ሴትም ላልሆነው ጾታ «ካፕቲቩም» ይባላል። ያለ ስም ብቻውን ሲቆምም ራሱ ስም ይሆናል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ184 ገደማ የሞተው የቴአትር ደራሲ ፕላውቱስ አንዱን ድርሰቱን «ካፕቲቪ»፣ ማለት «ምርኮኞቹ»፣ ብሎ ሰይሞታል።

በሮማ ሕግ በጠላት የተማረከ ዜጋ ነፃነቱንና መብቱን ያጣ ነበር፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ግን «ፖስትሊሚኒዩም» በሚባለው ሥርዓት መብቱን መልሶ ያገኝ ነበር። እንግዲህ ቃሉ የሰውየውን ዕድል እንጂ ጠባዩን አይናገርም ነበር።

ከላቲን የተወለዱት ቋንቋዎች ቅጽሉን የወረሱት ከተሳቢው፣ ከ«ካፕቲቩም» ነው። የመጨረሻዋ «ም» በሕዝብ አነጋገር ቀድሞ እንደ ተተወች፣ በ79 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በእሳተ ገሞራ የተቀበረችው የፖምፔይ የግድግዳ ጽሕፈቶች ይመሰክራሉ።

የቃሉ ድምፅ በየአገሩ ተለወጠ፤ ትርጓሜው ግን ይበልጥ ተለያየ። በኢጣልያንኛ «ካቲቮ» ክፉ ማለት ሆነ። ይህም የመጣው የክርስቲያኖች ላቲን ኀጢአተኛውን የዲያብሎስ ምርኮኛ ከማለቱ የተነሣ ነው፤ ሐሳቡ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 2 ይገኛል። ዳንቴም (1265–1321) በጎም ክፉም ሳይሠሩ የኖሩትን ምናምንቴዎች በሲኦል ድርሰቱ በዚሁ ስም ጠርቷቸዋል። በፈረንሳይኛ «ሼቲፍ» በመጀመሪያ ምርኮኛና ጐስቋላ ማለት ሲሆን፣ በኋላ ደካማና ከሲታ ማለት ብቻ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ሊቃውንቱ ለምርኮኛው «ካፕቲፍ» የሚለውን ከመጽሐፍ ላቲን እንደ ገና ተዋሱ።

የጥንቱን ትርጓሜ የጠበቁት እስፓኝኛው «ካውቲቮ»ና ፖርቱጋልኛው «ካቲቮ» ናቸው። በዚያ አገር ክርስቲያኖችና እስላሞች ለብዙ መቶ ዓመታት እርስ በርሳቸው ሲማረኩ ኖረዋል። በ1218 በባርሴሎና ምርኮኞችን የሚቤዥ የመርሴዳውያን ማኅበር ተመሠረተ። ሰርቫንቴስ ራሱ በ1575 ተማርኮ አምስት ዓመት በአልጀርስ ታስሯል፤ በ1605 ባሳተመው በ«ዶን ኪኾቴ» የመጀመሪያ ክፍልም የአንድ ምርኮኛ ታሪክ አግብቷል።

ይሁን እንጂ ለልዩነቱ ምክንያቱ የምርኮ ብዛት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የኢጣልያም ጠረፎች በባሕር ወንበዴዎች ብዙ ሰው ተማርኮባቸዋል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ «ካቲቮ» አስቀድሞ ወደ ነውር ስም ዞሮ ስለ ነበረ፣ ኢጣልያውያን ለተማረኩት ወንድሞቻቸው ሌላ ቃል ያስፈልጋቸው ነበር። ከአንድ ቃል ሦስት ፍርድ ወጣ፤ እስፓኛዊው ምርኮኛውን ምርኮኛ አለው፣ ፈረንሳዊው ደካማ አለው፣ ኢጣልያዊው ግን መከራውን እንደ በደል ቈጥሮ ክፉ አለው።