ጭምብል ለባሹ ፈረሰኛና ባልንጀራው

በአሶሳና በዙሪያዋ የሚኖሩት ሕዝቦች በቆዩት መጻሕፍት ውስጥ በገዛ ስማቸው ተጠርተው እምብዛም አይገኙም፤ የደጋ ሰው ያወጣው አንድ የንቀት ስም ኹሉንም ይጠቀልላቸው ነበርና። ዛሬ ግን በክልሉ ሕገ መንግሥት በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ ማኦና ኮሞ ተብለው እያንዳንዳቸው በስማቸው ተጽፈዋል። ይህን የሚያውቅ የአሶሳ ሰው የአሜሪካውን የሎን ሬንጀርን የቴሌቪዥን ትርኢት ቢመለከት፥ ዐይኑ ከጭምብል ለባሹ ጀግና ይልቅ አጠገቡ በሚጋልበው ባልንጀራ ላይ ያርፋል።

ሎን ሬንጀር ማለት ብቸኛው ዘብ ማለት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. በዲትሮይት ከተማ በራዲዮ ተጀምሮ፥ በ1949 ዓ.ም. ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ፤ እስከ 1957 ዓ.ም. ድረስም 221 ክፍል ታየ። (ኢትዮጵያም ቴሌቪዥን የጀመረችው በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ነው፤ ግን በራሷ አቆጣጠር ስለ ኾነ፥ ቁጥሩ ቢገጥምም ዘመኑ 7 ዓመት ይርቃል።)

ታሪኩ እንዲህ ነው። 6 የቴክሳስ ጸጥታ አስከባሪዎች በሽፍቶች ተከበው 5ቱ ሲሞቱ፥ 1ዱን ቁስለኛ ቶንቶ የተባለ የአገሩ ነባር ተወላጅ አግኝቶ አዳነው፤ የሞቱትንም ቀበረ፤ ጠላት ኹሉም አልቀዋል ብሎ እንዲያምን 6ኛ መቃብር ጨመረ። ጭምብሉም ከሞተው ወንድሙ ሰደርያ ተቀደደ። እንግዲህ ጀግናው ጀግና ከመባሉ በፊት በቶንቶ እጅ ከሞት የተረፈ ሰው ነበረ። ዳሩ ግን ደራሲዎቹ ለአዳኙ የሰጡት አነጋገር የተሰባበረ ነው፤ ስሙም በእስፓኝ ቋንቋ ሞኝ ማለት ነውና፥ ትርኢቱ ወደዚያ ቋንቋ ሲመለስ ቶሮ፥ ማለት ኮርማ፥ ብለው ለወጡት።

ቶንቶን ኾኖ የተጫወተው ጄይ ሲልቨርሂልስ የሞሐውክ ነገድ ተወላጅ ነው። በ1912 ዓ.ም. በካናዳ አገር፥ በኦንታሪዮ፥ በስድስቱ ነገዶች ርስት ሲወለድ ስሙ ሃሮልድ ስሚዝ ነበረ። በበትርና በኳስ የሚደረገውን፥ የኢትዮጵያን ገና በመጠኑ የሚመስለውን ላክሮስ የተባለ ጨዋታ ዐዋቂ ነበረ። ሲልቨርሂልስ፥ ማለት የብር ተረከዝ፥ የተባለውም ስለ ፍጥነቱ ነው። «ስም ይመርሖ ኀበ ግብሩ» ይላሉ ሊቃውንት፤ ቶንቶ የሚለው ስም ግን ይህን ሰው ወደ ሞኝነት ሊመራው አልቻለም። በዚያ ዘመን ነጮች ፊታቸውን ቀለም እየተቀቡ የነባሮቹን ሰዎች ቦታ ይጫወቱ ነበርና፥ እርሱ በ1960ዎቹ በሎስ አንጀለስ ለወገኖቹ የተዋናይነት ማሠልጠኛ አቋቋመ። ትርኢቱን ኹሉ ከንቱ ማለት ግን ፍርድ ማጓደል ነው፤ ጀግናው ለመግደል የማይተኩስ ነበረ፤ አንድ የነገዱ ልጅም በየሳምንቱ በሚሊዮን ሕዝብ ፊት በክብር ተቀምጦ ይጋልብ ነበረ።

ጀግናውን የተጫወተው ክሌይተን ሙር በ1914 ዓ.ም. በቺካጎ ተወለደ። በመካከል ተለይቶ ጆን ሃርት 52 ክፍል ቢተካውም፥ ተመልሶ ሥራውን ፈጸመ። ከዚያም በኋላ ጭምብሉን አጥልቆ በየአገሩ እየዞረ ሕፃናትን ያስደስት ነበረ። በ1979 ዓ.ም. ባለ መብቱ ኩባንያ ሌላ ፊልም አስቦ ነበርና፥ ሙር ጭምብሉን በአደባባይ እንዳያጠልቅ በፍርድ ቤት አስከለከለው። እርሱም በጭምብሉ ፈንታ ሰፊ ጥቁር መነጽር አደረገ፤ የተከለከለውም በ1984 ዓ.ም. ተመለሰለት።

አንዱ ጭምብሉን በተነጠቀበት በዚያው በ1979 ዓ.ም. የባልንጀራው ስም በሆሊውድ የእግረኛ መንገድ ላይ በኮከብ ተቀረጸ። የተጻፈውም ቶንቶ ተብሎ ሳይኾን ጄይ ሲልቨርሂልስ ተብሎ ነው። በማግሥቱ ዓመት በመጋቢት ዐረፈ፤ አመዱም ወደ ስድስቱ ነገዶች ርስት ተወሰደ።