ቀያሽና ሰላይ በደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በማጂ ደኖች መካከል መንገድ የሚቀይስ ወይም ድልድይ የሚነድፍ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ካርታ ዘርግቶ ነው። ያ ካርታ ግን ከየት መጣ? ማንስ ለማን ብሎ ሣለው? ለዚህ መልስ ለማግኘት ወደ ኋላ መለስ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል፤ በዚህ ምድር የቅየሳ ታሪክና የስለላ ታሪክ ለረጅም ዘመን ጎን ለጎን ተጉዘዋልና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአገር አቀማመጥ ምስጢር መሆኑን ቀድሞ የተረዳው የካፋ መንግሥት ነበር። ወሰኑን በጥልቅ ቦይ አጥሮ፣ መግቢያዎቹን በኬላ ዘግቶ፣ እንግዳን ያለ ፈቃድ አያሳልፍም ነበር። በ1843 ፈረንሳዊው አንቶዋን ዳባዲ ቦንጋ ለመድረስ የቻለው በመሣሪያው ኃይል ሳይሆን በጋብቻ ወግ ነው። የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ሙሽራ ሊያስመጡ ሲልኩ እርሱም ከአጃቢዎቹ ጋር ተጓዘ። ዳባዲ ባለፈበት ሁሉ የተራሮችን አቅጣጫ እየለካ መዘገበ፤ የልኬቱም ውጤት ከ1860 እስከ 1873 ባለው ጊዜ ታትሞ ወጣ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ግን ሰውዬው ካፋን ከቶ አልረገጠም ሲል በጽሑፍ ተከራከረ። ክርክሩ በአውሮፓ ሲካሄድ፣ ኬላውን የከፈቱለትና መንገዱን የመሩት ሰዎች ምስክርነት የጠየቃቸው አልነበረም።

ካፋ በ1897 ለአፄ ምኒልክ ጦር ከወደቀ በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። በ1898 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊታቸውን አስከትለው፣ እንግሊዞች ሳይቀድሙ ወሰኑን ለመያዝ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ዛሬ ቱርካና ወደሚባለው፣ ዘመቱ። ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች አብሮ ተጓዘ። ቀን ከሠራዊቱ ጋር እየሄደ፣ ሰማይ በጠራ ጊዜ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ እየለካ፣ ያለበትን ቦታ ያሰላ ነበር። እንግዳም፣ ወታደርም፣ ቀያሽም ነበር፤ አንዱን ከሌላው መለየት የሚቻል አይመስልም። ከኦሞ በስተምዕራብ ያሉትንም ተራሮች በንጉሠ ነገሥቱ በዳግማዊ ኒኮላስ ስም ሰየማቸው። ስሙ ግን በወረቀት ላይ ቀረ፤ በተራሮቹ ሥር የሚኖረው ሕዝብ የራሱን ስም አልለወጠም።

በዚያው ወቅት እንግሊዛዊው መኮንን ኸርበርት ኦስቲን ከሱዳን በኩል ተነሥቶ ከሶባት እስከ ሩዶልፍ ያለውን ምድር ቀየሰ። በሁለተኛው ጉዞው ከተከተሉት ሰዎች የሚበዙት በረሃብ አለቁ። እንዲህ ባለ ዋጋ የተገኘው እውቀት ግንቦት 15 ቀን 1902 አዲስ አበባ ላይ ለተፈረመው የወሰን ውል መሠረት ከሆኑት አንዱ ነበር።

ውሉ ለሙያው ሰው ልዩ ትምህርት አለው። ወሰኑ ባሮን፣ ፒቦርንና አኮቦን ተከትሎ ይወጣል፤ በመጨረሻም 6ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ከ35ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ጋር በሚገናኝበት ነጥብ ላይ ያርፋል። ወንዙን እረኛም ያውቀዋል፤ ከብቱን ያጠጣበታል፣ በክረምት መሙላቱንም ያያል። የሁለቱ መስመሮች መገናኛ ግን መሣሪያ ለያዘ ሰው ካልሆነ በቀር አይታይም። በዚያ አካባቢ ከብቱን ይዞ የሚዘዋወረው የሱሪ ሕዝብ የአገር ወሰን መሻገሩን በምን ሊያውቅ ይችል ነበር? ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መሬቱን የሚኖርበት ሌላ፣ ልኩን የሚያውቀው ሌላ ሆነ።

ወሰኑ ከተሠመረ በኋላ ጠባቂ አስፈለገው። እንግሊዞች በጎሬና በማጂ ቆንስላ ከፈቱ። የጎሬው ቆንስል ክሬቨን ዎከር የሕዝቡን የዕለት ኑሮ አስጠንቶ በ1933 መጽሐፍ አሳተመ። የማጂው አርኖልድ ሆድሰን ደግሞ ስለ ባሪያ ፍንገላ፣ ስለ ጠመንጃና ስለ ዝሆን ጥርስ ንግድ ለመንግሥቱ ይጽፍ ነበር። እርግጥ ነው፣ ጽሑፉ የተላከው ለቅኝ ገዥ ጥቅም ነው። ሆኖም የጊሚራና የማጂ መንደሮች በባሪያ ፈንጋዮች መራቆታቸው እውነት ነበር፤ ይህንንም እውነት በጊዜው የነበሩ ብዙ ሹማምንት እንዲገለጥ አይፈልጉም ነበር። ስለዚህ የባዕድ ዓይን ያየውን ሁሉ ባዕድ ነው ብሎ መጣል አይገባም።

ከማጂ የወጣው ወሬ ብቻ አልነበረም። በ1930ዎቹ ቆንስል የነበረው ካፒቴን ሪቻርድ ዌሊ ከጌሻ ጫካ የቡና ዘር አስለቅሞ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ ከኬንያ ወደ ታንጋኒካ፣ በ1953 ወደ ኮስታ ሪካ፣ በ1960ዎቹም ወደ ፓናማ ተሻገረ። በ2004 በፓናማ ጨረታ አንዱ ፓውንድ ጌሻ ቡና በ21 ዶላር ተሸጠ፤ ለዚያን ጊዜ ያልተሰማ ዋጋ ነበር። ዘሩን ከጫካ የለቀመው እጅ፣ በዚያ ምድር የቡናን ቅጠል እንኳ ቀቅሎ መጠጣት የሚያውቀው ሕዝብ፣ ከዚህ ትርፍ ድርሻ አልደረሰውም።

ካርታውም ቢሆን የኋላ ታሪኩ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በ1960ዎቹ ከአሜሪካ ጋር በተደረገው የካርታ ሥራ የኢትዮጵያ ምድር በሰፊው ተለካ። ለኢትዮጵያ ካርታዎች ለረጅም ጊዜ ያገለገለው አዲንዳን የተባለው የልኬት ሥርዓት መነሻ ነጥቡ በሱዳንና በግብፅ ወሰን አጠገብ፣ በዓባይ ዳር ነው። በቴፒ ለሚቆም አንድ የድልድይ ምሰሶ የሚሰጠው ቁጥር ከዚያ ሩቅ ነጥብ የተቆጠረ ነበር ማለት ነው። በሥርዓቱ ስንፍና አለ ለማለት አይደለም፤ ሥራው ትክክለኛና ጠቃሚ ነበር። ነገር ግን የአገሩ ሰው በመነሻው ላይ አልነበረም።

እንግዲህ ቀያሽን ከሰላይ የሚለየው ምንድን ነው? መሣሪያቸው አንድ ነው፤ የትዕግሥታቸውና የድፍረታቸው መጠንም ይመሳሰላል። ልዩነቱ ልኬቱ ካለቀ በኋላ ይታያል። ሰላይ ያየውን ይዞ ይሄዳል፤ ቀያሽ ግን ለተለካው አገር ትቶለት ይሄዳል። ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ደኖች ውስጥ ምልክት የሚተክል ባለሙያ የወንዙን ስም ከባለ አገሩ ጠይቆ ከጻፈ፣ የመራውን ሰው ስም ከመዝገቡ ካልፋቀ፣ የልኬቱንም ቅጂ ለወረዳው ካስቀረ፣ ኬላውን የከፈተለትን ሕዝብ ዕዳ ከፍሏል።